ዓይን የሆነው የኩል ድንጋይ

ኩል ሁሉ ከአንድ ድንጋይ አይወጣም። አንዱ አገር አንቲሞኒ የሚባለውን ማዕድን ይፈጫል፤ ሌላው ጥላሸትን ከቅባት ያዋሕዳል፤ ዛሬ በየሱቁ በእርሳስ መልክ ተቀርጾ የሚሸጠውም ከፋብሪካ የወጣ ቀለም ነው። እኔ ላወሳችሁ የተነሣሁት ግን የጥንት ግብፃውያን ሴቱም ወንዱም ዓይናቸውን ስለኳሉበት ድንጋይ፣ ስለ ጋሌና ነው። ጋሌና እርሳስና ድኝ አንድ ለአንድ ተዋሕደው የሚፈጥሩት ማዕድን ሲሆን የኬሚስትሪ ሰዎች ሊድ ሰልፋይድ ይሉታል። እርሳስ ስል ብረቱን እንጂ የምንጽፍበትን ማለቴ አይደለም፤ በምንጽፍበት ውስጥ ያለው ግራፋይት የሚባል የካርቦን ዓይነት ነው፣ እርሳስ የሚባል ብረት በውስጡ የለበትም። በዚህ ስሕተት ግን ብቻችንን አይደለንም፤ ጀርመኖችም እስከ ዛሬ መጻፊያቸውን «የእርሳስ ዘንግ» ብለው ይጠሩታል።

ጋሌናን በእጁ የያዘ ሰው መጀመሪያ የሚገርመው ክብደቱ ነው። ከእኩያው ውኃ ሰባት ዕጥፍ ተኩል ያህል ይመዝናል፤ ከመቶው ክብደቱ 87 ያህሉ እርሳስ ነውና። ቀጥሎ የሚያስደንቀው አሰባበሩ ነው። በመዶሻ ቢመቱት እንደ ሌላው ድንጋይ እንደ ነገሩ አይፈረካከስም፤ ማዕዘኑን ጠብቆ ወደ ትንንሽ ኩቦች ይከፈላል፣ ኩቦቹም ቢመቱ ወደ ሌሎች ታናናሽ ኩቦች። አዲስ የተሰበረው ገጽ እንደ ተወለወለ ብረት ያብረቀርቃል። ይህን ሁሉ ግርማ ይዞ ግን ለስላሳ ነው፤ ቢላዋ ይፍቀዋል፣ ሙቀጫም ያደቅቀዋል። የደቀቀውም ጥቁር ሆኖ በውስጡ ደቃቅ ብልጭታ ይቀርበታል። ለኩልነት ያሳጨው ይኸው ይመስለኛል።

ቃሉም የራሱ ታሪክ አለው። በግእዝ ኰሐለ ማለት ዓይንን ኳለ ማለት ነው፤ ስሙም ኵሕል። ዐረቡ ኩሕል ይላል፤ ዕብራይስጡም ከዚሁ ሥር የመጣ ግስ አለው፤ ከሁሉም በፊት በአካድ የሸክላ ጽሕፈት የቃሉ ዘመድ ተገኝቷል። የኢዮብ ሦስተኛ ልጅ ስም በዕብራይስጡ ሲተረጎም «የኩል ቀንድ» መሆኑን ሳውቅ፣ ያ ሁሉ መከራ ካለፈ በኋላ አባት ለልጁ የመረጠላት ስም ከጌጥ ዕቃ መወሰዱ እጅግ ደስ አሰኝቶኛል። በዮሐንስ ራእይ ለሎዶቅያ ቤተ ክርስቲያን የተላከው ምክርም በአማርኛችን ኩልን የሚያነሣው እንደ ውበት ሳይሆን እንደ ዓይን መድኃኒት ነው። የሙሽራይቱን ዓይን የኳለው ማን እንደሆነ የሚጠይቀውን የሠርግ ዘፈናችንን የማያውቅ ሐበሻ ደግሞ የለም።

ቃሉ ወደ አውሮፓ በተሻገረ ጊዜ የደረሰበት ነገር ግን እንግዳ ነው። ዐረቦቹ «አል ኩሕል» የሚሉትን የላቲን ጸሐፍት ወስደው መጀመሪያ ማንኛውንም እጅግ የደቀቀ ዱቄት ሰየሙበት። ቀጥሎም የአንድ ነገር ምርጥ ይዘት፣ ከተጣራና ከነጠረ በኋላ የሚቀረው ሁሉ በዚሁ ስም ተጠራ። በ16ኛው መቶ ዘመን ፓራሴልሰስ የሚባለው ሐኪም ከወይን ጠጅ የሚነጥረውን መንፈስ «የወይን አልኮል» አለው። ከዘመን በኋላ «የወይን» የሚለው ወደቀና «አልኮል» ብቻ ቀረ። ስለዚህ በሆስፒታል ቁስል የምናጥብበት አልኮልና በእናቶቻችን ብልቃጥ የነበረው ኩል በስም የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው።

ግብፃውያን ይህን ድንጋይ ከቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ዛሬ ገበል ኤል ዘይት ከሚባለው ተራራ እየቆፈሩ ያወጡ ነበር። በስፍራው ሐቶር የተባለችውን አምላክ «የጋሌና እመቤት» ብለው ያመልኳት እንደነበር ከተገኙት ጽሑፎች ታውቋል። ንግሥት ሐትሼፕሱት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው መቶ ዘመን ወደ ፑንት የላከቻቸው መርከቦች ይዘው ከተመለሱት ዕቃ መካከልም፣ በዴይር ኤል ባሕሪ ግድግዳ ላይ እንደተቀረጸው፣ ከዕጣንና ከዝንጀሮ ጋር የዓይን ኩል ተቆጥሯል። ፑንት የት ነበረች የሚለው ክርክር ገና አልተቋጨም። ሆኖም በግብፅ መቃብሮች የተገኙትን የዝንጀሮ ሬሳዎች መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት፣ የትውልድ ስፍራቸው ዛሬ ኢትዮጵያ፣ ኤርትራ፣ ጅቡቲ፣ ከፊል ሶማሊያና የመን በሚባለው ምድር እንደሆነ አመልክቷል። ከዚያ ኩል ውስጥ ጥቂቱ ከእኛ ተራሮች ወጥቶ ይሆን? ማንም አይመልስልኝም፣ መጠየቁን ግን አልተውም።

ፊሊፕ ቫልተር የተባለው ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሰውና ባልደረቦቹ በሉቭር ቤተ መዘክር ካሉት የግብፅ የኩል ዕቃዎች ውስጥ የቀረውን ዱቄት መርምረው እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጡት ውጤት ብዙዎችን አስገርሞ ነበር። በዱቄቱ ውስጥ ከጋሌናው ጋር በተፈጥሮ እምብዛም የማይገኙ፣ ክሎሪን ያለባቸው ሁለት የእርሳስ ውሑዶች ነበሩ። በተፈጥሮ ከሌሉ ሰው ሠርቷቸዋል ማለት ነው። የእርሳስ ኦክሳይድን በጨው ውኃ እየነከሩ፣ ውኃውን በየቀኑ እየለወጡ ለሳምንታት ቢጠብቁት እንደሚገኙ በሙከራ ታየ። እንግዲህ አራት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት አንድ ሰው ይህን ያህል በትዕግሥት ሲደክም ለጥቁርነት ብቻ አልነበረም፤ ውሑዶቹ ነጭ ናቸውና። ግብፃውያን ራሳቸው በሕክምና ጥቅልሎቻቸው ኩልን ለዓይን ሕመም ያዝዙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 እነዚሁ ተመራማሪዎች ክርስቲያን አማቶር ከተባለው ሊቅ ጋር ሆነው ከእነዚህ ውሑዶች እጅግ ጥቂት እርሳስ በአንድ ሕዋስ ላይ ቢያሳርፉ፣ ሕዋሱ ናይትሪክ ኦክሳይድ አብዝቶ ሲያመነጭ አዩ። ናይትሪክ ኦክሳይድ የሰውነትን ዘብ ከሚያስነሡት መልእክተኞች አንዱ ነው። የዓባይ ውኃ በሚሞላበት ወራት ዓይን ለሚበክለው ተሕዋስ መከላከያ ሆኖ ሊሆን ይችላል የሚለው ግምት የመጣው ከዚህ ነው።

ነገር ግን ይህን አንብቦ የልጁን ዓይን በጋሌና የሚኩል እንዳይኖር አደራ እላለሁ። የሕዋስ ሙከራ ሌላ፣ የሕፃን አካል ሌላ። የዓለም ጤና ድርጅት በደም ውስጥ ላለ እርሳስ ጉዳት የለውም የሚባል መጠን እንደማይታወቅ ደጋግሞ አስታውቋል፤ ከሁሉም ይልቅ የሚጎዳው ገና በማደግ ላይ ያለ የልጅ አእምሮ ነው። ልጅ ደግሞ ዓይኑን ያሽና ጣቱን ወደ አፉ ይሰዳል። በእስያ፣ በመካከለኛው ምሥራቅና በአፍሪካ ለአራስ ጭምር የሚደረገው ኩል ውስጥ እርሳስ በብዛት የተገኘበት ጊዜ ጥቂት አይደለም፤ በአሜሪካም ኩል ለመዋቢያ ቀለምነት አልተፈቀደም። በስደት የምትኖሩ ወገኖቼ በዘመድ ሻንጣ የምታስመጡት ኩል ከምን እንደተሠራ ጠይቁ። መልስ ካልተገኘ ብልቃጡ ለትዝታ መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ ይበቃል።

አሁን ከዓይን ወደ ጆሮ እንሻገር።

እ.ኤ.አ. በ1874 በጀርመን በላይፕሲክ ከተማ የትምህርት ቤት መምህር የነበረው የ24 ዓመት ወጣት ካርል ፈርዲናንድ ብራውን በጋሌናና በመሰል ማዕድናት ውስጥ የኤሌክትሪክ ፍሰትን ይመረምር ነበር። አንዱን የድንጋዩን ገጽ በብረት ይዞ በሌላው ገጽ ላይ የቀጭን ሽቦ ጫፍ ሲያሳርፍ አንድ ያልጠበቀው ነገር ገጠመው። ፍሰቱ በአንድ አቅጣጫ በቀላሉ ያልፋል፤ ምሰሶውን ቢገለብጠው ይታገዳል። የታወቀው የኦም ሕግ እንዲህ አይልም። ሽቦ ለሁለቱም ወገን እኩል መንገድ ነው፤ ይህ ድንጋይ ግን መግቢያ እንጂ መውጫ የሌለው በር ሆነ። ብራውን ግኝቱን አሳተመ፤ ምክንያቱን ግን ሊያስረዳ አልቻለም፣ ብዙዎችም አላመኑትም። አጥጋቢው ማብራሪያ ከሾትኪና ከሞት የመጣው እ.ኤ.አ. በ1938 እና በ1939 ነው፤ ያኔ ብራውን ከሞተ ሃያ ዓመት አልፎት ነበር። በ1909 ከማርኮኒ ጋር ኖቤል የተሸለመው በሌላ ሥራው፣ በሽቦ አልባ ቴሌግራፍ ነው። በፍርድ ቤት ጉዳይ ወደ አሜሪካ ተጉዞ ጦርነት መመለሻ አሳጣውና በ1918 ኒው ዮርክ ውስጥ አረፈ።

ድንጋዩ ይህን ጠባይ ያገኘው ከፊል አስተላላፊ፣ በተለመደው ስሙ ሰሚኮንዳክተር በመሆኑ ነው። ነገሩን በከብት በረት ልመስለው። በመዳብ ውስጥ ኤሌክትሮኖች አጥር በሌለው ሜዳ እንደሚግጡ ከብቶች ናቸው፤ ጥቂት ቢነዷቸው ሁሉም ይሄዳሉ። በብርጭቆ ውስጥ ግን በረቱ በረጅም ግንብ ታጥሯል። በከፊል አስተላላፊ አጥሩ አለ፣ ግን አጭር ነው፤ ጥቂት ሙቀት ወይም ጥቂት ብርሃን ያገኘ ኤሌክትሮን ይዘለዋል። የአጥሩ ቁመት በኤሌክትሮን ቮልት ሲለካ ለሲሊከን 1.1፣ ለጋሌና ግን 0.4 ያህል ነው። ይህቺን ቁጥር ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን። ሌላም አለ፦ በማዕድኑ ውስጥ ድኝ ጎድሎ እርሳስ ከተረፈ ኤሌክትሮን ይበዛል፤ እርሳስ ከጎደለ ደግሞ የኤሌክትሮን ባዶ ስፍራ ይበዛል። ከመሬት የወጣ ጋሌና ከቦታ ቦታ የሚለያየው፣ አልፎም አንዱ ጎኑ ከሌላው ጎኑ ጋር የማይስማማው በዚህ ምክንያት ነው።

የብራውንን ድንጋይ ለሥራ ያበቃው ካልካታ ውስጥ የነበረ ሰው ነው። ጀጋዲሽ ቻንድራ ቦስ በፕሬዚደንሲ ኮሌጅ የፊዚክስ መምህር ሆኖ ሲቀጠር ለሕንዶች የሚከፈለው ከእንግሊዞቹ ያነሰ ስለነበር፣ እኩል እስኪሆን ድረስ ሦስት ዓመት ደመወዝ ሳይቀበል አስተማረ። በዚያ ኮሌጅ ውስጥ በገዛ እጁ በሠራቸው መሣሪያዎች ርዝመታቸው በሚሊሜትር የሚቆጠር የኤሌክትሪክ ማዕበሎችን አመነጨ፤ ማዕበሎቹን ለመያዝም ጋሌናን ተጠቀመ። ጓደኞቹ ወትውተውት እ.ኤ.አ. በ1901 በአሜሪካ የፈጠራ ባለቤትነት ጥያቄ አቀረበ፤ በማርች 1904 በቁጥር 755,840 ተሰጠው። በከፊል አስተላላፊ ለተሠራ መሣሪያ ከተሰጡት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ይህ ነው። በማመልከቻው ላይ መሣሪያው የሚይዘው የኤሌክትሪክ ማዕበልን ብቻ ሳይሆን ብርሃንንም ጭምር እንደሆነ ተጽፏል። ዓይን ይኳልበት የነበረው ድንጋይ ራሱ ሰው ሠራሽ ዓይን ሊሆን እንደሚችል ቦስ ያኔውኑ አይቶታል።

ቦስ በፈጠራ መክበርን ይጸየፍ ነበር። አንድ ባለጸጋ የሽቦ አልባ ኩባንያ ሰው ውል ይዞ ደጅ እንደጠናውና እርሱም እንቢ እንዳለው ለወዳጁ ለባለቅኔው ለራቢንድራናት ታጎር በደብዳቤ ጽፎለታል። የያዘውንም መብት ጊዜው ሲያልፍበት ዝም አለው፤ ፊቱንም ወደ ዕፅዋት ሕይወት ምርምር አዞረ። ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ወሬ አለኝ። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1896 በቤንጋሊ ቋንቋ አንድ አጭር ልብ ወለድ ጽፎ ነበር፤ በታሪኩ ውስጥ አስፈሪ የባሕር ማዕበል ጸጥ የሚለው በአንድ ብልቃጥ የፀጉር ቅባት ነው። የሳይንስ ልብ ወለድ በቤንጋሊ ከጀመሩት አንዱ ይሉታል። ሳይንቲስትነትንና ደራሲነትን ለያይተን ለለመድን ሰዎች፣ የእርሱን ሕይወት ማንበብ መልካም ነው።

ከዚያ የሬዲዮ ዘመን ገባ። በ1920ዎቹ በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ቤተሰብ የመጀመሪያውን ሙዚቃና ዜና ከአየር ላይ የሰማው በክሪስታል ሬዲዮ ነበር። ዕቃው እንዲህ ነው፦ አንድ ረጅም የአንቴና ሽቦ፣ አንድ ጥቅል ሽቦ፣ የጋሌና ቁራጭ፣ በላዩ የሚያርፍ እጅግ ቀጭን የሽቦ ጫፍ፣ ጆሮ ላይ የሚደረግ ማዳመጫ፣ ወደ መሬት የሚወርድ ሽቦ። ባትሪ የለውም፤ ከግድግዳም ኮረንቲ አይስብም። ማዳመጫውን የሚያንቀሳቅሰው ራሱ ማዕበሉ ይዞት የመጣው ጉልበት ነው። ማዕበሉ በሴኮንድ መቶ ሺህ ጊዜያት ወዲያና ወዲህ ስለሚወዛወዝ ወደ ፊት የገፋውን ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ ለጆሮ የሚተርፍ ነገር የለም። ድንጋዩ ግን አንዱን ወገን ብቻ ያሳልፋል። የቀረው ግማሽ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ሲል የተናጋሪውን ድምፅ ቅርጽ ይዞ ይገኛል።

ጭንቁ ትክክለኛዋን ነጥብ ማግኘት ነበር። እንግሊዞች «የድመት ጢም» ያሉትን ያን ቀጭን ሽቦ በድንጋዩ ፊት ላይ ወዲያና ወዲህ እያነሡ መጣል፣ ድምፅ እስኪሰማ ትንፋሽን መያዝ፣ ከተገኘ በኋላም ጠረጴዛውን ማንም እንዳይነካ መለመን የአድማጩ ዕጣ ሆነ። አሜሪካዊው ፒካርድ ከዚህ ይሻል ይሆን እያለ ሺዎች የማዕድንና የሽቦ ጥንዶችን ፈትኗል፤ ሲሊከንንም ለዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1906 አስመዝግቧል። ሆኖም ሕዝቡ የወደደው ርካሹንና ጥሩ ሰሚውን ጋሌናን ነው። የቫኪዩም ቱቦ በመጣ ጊዜ ክሪስታሉ ተረሳ። መረሳቱ ግን ለጊዜው ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለራዳር የድንጋዩ ዘመዶች፣ ሲሊከንና ጀርማንየም፣ ተፈለጉ። በዲሴምበር 1947 በቤል ላቦራቶሪ የተሠራው የመጀመሪያው ትራንዚስተርም በጀርማንየም ላይ ያረፉ ሁለት የወርቅ ጫፎች ነበሩት። የድመቱ ጢም ሁለት ሆነ ማለት ይቻላል።

ቅድም ያዙልኝ ወዳልኋት ቁጥር ልመለስ። የጋሌና አጥር 0.4 ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ በመሆኑ፣ ኤሌክትሮኑን ለማዘለል የሚታይ ብርሃን አያስፈልግም፤ ከቀይ በታች ያለው፣ ዓይናችን የማያየው፣ ኢንፍራሬድ የሚባለው የሙቀት ብርሃን ይበቃል። የሰው ዓይን ከ0.7 ማይክሮሜትር በላይ ያለውን አያይም፤ ጋሌና እስከ 3 ማይክሮሜትር ድረስ ያያል። ይህን በ1930ዎቹ በበርሊን ዩኒቨርሲቲ ኤድጋር ኩችር መርምሮ አወቀ። ዘመኑ የናዚ ዘመን ነበርና ዕውቀቱ የዋለው ለጦር መሣሪያ ነው። ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካኖች ሳይድዋይንደር የተባለውን ሚሳይል ሲሠሩ ግንባሩ ላይ የተከሉት ዓይን ይኸው የእርሳስና የድኝ ውሑድ ነበር። ስሙን ያገኘው የታዳኙን ሙቀት ተከትላ ከምታድን የበረሃ እባብ ነው። ከጄት ጭስ ማውጫ የሚወጣውን ሙቀት ተከትሎ ይበራል፤ የመጀመሪያዎቹ አንዳንዴ ፀሐይን አውሮፕላን መስሏቸው ወደ እርሷ ያቀኑ ነበር። በሴፕቴምበር 24 ቀን 1958 በታይዋን ወሽመጥ ሰማይ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በውጊያ ተተኩሶ አውሮፕላን ጣለ።

ይህ ምዕራፍ ደስ አይለኝም፤ ወደ ሌላኛው ቶሎ ልለፍ። በ1960ዎቹ በካሊፎርኒያ ጌሪ ኖይገባወርና ሮበርት ሌይተን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ሰማይ በኢንፍራሬድ ዓይን ቢታይ ምን ይመስል ይሆን ብለው ተነሡ። ገንዘብ አልነበራቸውምና ለመስተዋቱ ብርጭቆ አላስጠረቡም፤ በአሉሚኒየም ሳሕን ላይ ፈሳሽ ኤፖክሲ አፍስሰው እስኪደርቅ አሽከረከሩት። የሚሽከረከር ፈሳሽ መሐሉ ጎድጎድ ብሎ ቴሌስኮፕ የሚፈልገውን ቅርጽ በራሱ ይይዛል። ስፋቱ አንድ ሜትር ተኩል ያህል በሆነው በዚህ መስተዋት ትኩረት ላይ የሊድ ሰልፋይድ ዓይኖችን አስቀመጡና በማውንት ዊልሰን ተራራ ላይ ሆነው ከዚያ የሚታየውን ሰማይ ጠረጉ። በ1969 ያሳተሙት ዝርዝር ከ5,600 በላይ ምንጮችን ይዟል። ከእነዚህ መካከል በተራ ቴሌስኮፕ እምብዛም የማይታዩ፣ በአቧራ የተሸፈኑና ሊሞቱ የተቃረቡ ከዋክብት ነበሩ። በዚያው ጊዜ፣ በ1966፣ ኤሪክ ቤክሊን የተባለ ተማሪ በዚሁ ዓይነት ዓይን እየፈለገ የፍኖተ ሐሊብን እምብርት አገኘ። ከእኛ 26,000 የብርሃን ዓመት ያህል የሚርቀው ያ እምብርት በመካከል ባለው አቧራ ምክንያት ለዓይን ፈጽሞ የማይታይ ነው።

የመጨረሻው ወሬ ስለ ፀጉር ነው። ከፊል አስተላላፊን ወደ ጥቂት ናኖሜትር ቢያሳንሱት ጠባዩ ይለወጣል፤ በረቱ ሲጠብብ አጥሩ ከፍ ይላልና የሚውጠውም የሚሰጠውም ብርሃን በመጠኑ ይወሰናል። እነዚህን እንክብሎች ኳንተም ዶት ይሏቸዋል፤ ስለ ግኝታቸውና ስለ አሠራራቸው ኤኪሞቭ፣ ብሩስና ባዌንዲ የ2023ን የኬሚስትሪ ኖቤል ተካፍለዋል። የሦስቱ የመጀመሪያ ሥራ በሌሎች ውሑዶች ላይ ነው፤ ሊድ ሰልፋይድ ግን ዛሬ ከቤተሰቡ ዋነኞች አንዱ ሆኖ ለኢንፍራሬድ ካሜራ ይሠራበታል። እንግዲህ ያ ፊሊፕ ቫልተር፣ የግብፅን ኩል የመረመረው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ከጓደኞቹ ጋር ከግሪክና ከሮማ ዘመን የወረደ የፀጉር ማጥቆሪያ ሞከረ። የእርሳስ ኦክሳይድና የራሰ ኖራ በውኃ ተለውሶ ሽበት ላይ ይደረጋል፤ ሌላ ምንም የለበትም። ድኙን የሚያዋጣው ፀጉሩ ራሱ ነው፣ በፕሮቲኑ ውስጥ ድኝ አለና። ፀጉሩ እየጠቆረ ሄደ። ተመራማሪዎቹ የጠቆረውን ፀጉር በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያዩት በውስጡ የጋሌና ክሪስታሎች ተሰልፈው ነበር፤ የእያንዳንዱ ወርድ 5 ናኖሜትር ያህል ነው።